ትራስ ስር ያለው የውሃ ቢል

ጥቅምት 6

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂ ለሆንሽው ለታናሽ እህቴ ለሚጡ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እጅሽን ከክፉ፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልሽ። ተቆጥቼም ቢሆን ምርቃቱን አላስቀርብሽም፤ እማዬ «ያለ ምርቃት የተላከ ደብዳቤ ባዶ እጁን እንደመጣ እንግዳ ነው» ትላለች።

«የምኑ ተጠያቂ?» እንዳትይኝ። እማዬ ወንበሯን ከበሩ ትይዩ አስደርጋ ከዚያ ንቅንቅ አልል ያለችው በአንቺ ምክንያት ነው። ዐይኗ ከናካቴው ሄዷል። ብርሃንና ጨለማን ብቻ ትለያለች። በሩ ሲከፈት ብርሃን ይገባና «ሚጡ ነሽ?» ትላለች። «እኔ ነኝ» እላታለሁ። «እንግዲያው ዝጊው፤ ይበርደኛል» ትላለች። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ይኸው ነው፤ እጣቢ ደፍቼ ስመለስም ይኸው ነው። እኔ የዚህ ቤት ብርድ ሆኛለሁ።

ደብዳቤሽ ከመጣ አራት ወር አለፈ። ስልክ ደውዪ እንዳልልሽ የእማዬ ጆሮ ኮቴ እንጂ የስልክ ድምፅ አይለይም። ደግሞም ወረቀት ነው የምትወደው። ወረቀት ትራስ ስር ይገባል፣ ይዳሰሳል፣ ይሸተታል። ድምፅ ግን መጥቶ ይሄዳል ትላለች።

ድሮ ደብዳቤሽን የሚያነብልን ፋርማሲስቱ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እሱ ደብዳቤ የከፈተ ዕለት ሰፈሩን ሁሉ ራስ ምታት ይይዘውና ባንኮኒው ፊት ይሰለፋል። ስንት ብር እንደላክሽ ከእኛ በፊት ጎረቤት ያውቀዋል። በሃምሳ አራት ዓመቴ የማታ ትምህርት የገባሁት ለዚህ ነው፤ ዕውቀት አምሮኝ እንዳይመስልሽ። ዩኒፎርማቸውን የሰፋሁላቸው ልጆች ቀን የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጣጥፌ ሀ ሁ ብያለሁ። አሁን አነባለሁ። ጣቴን ከፊደሉ ስር እየጎተትኩ፣ ረጅም ቃል ሲመጣ ኮረኮንች እንደገባ አሮጌ አውቶቡስ እየተንገጫገጭኩ ነው፤ ግን አነባለሁ። እጽፋለሁም። ስህተት ብታገኚ ዝም በዪ፤ አንቺ ፊደል የቆጠርሽው በእኔ መርፌ ነው።

ባለፈው ለዐይኗ ጠብታና ለቤት ኪራዩ ብር ላኪ ብዬሽ ነበር። አሁን ብር አልልሽም። ጠብታውም ከእንግዲህ አይፈይድላትም። ቀን ላኪልኝ። «እመጣለሁ» የሚለውን አይደለም፤ እሱማ ትራስ ሞልቷል። ቀን። ለእማዬ የምነግራት አንድ ቀን።

ታላቅ እህትሽ


ኅዳር 9

እናትም እህትም ለሆንሽኝ፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ እንደምን ከርማለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። የእማዬን ጉልበት ያጽናልኝ፣ የአንቺን እጅ ይባርክልኝ፣ ቤታችሁን ሰላም ያድርግልኝ፣ ደጃችሁን የሚረግጥ እግር ሁሉ ደግ ዜና ይዞ ይግባ። ይህን ስጽፍ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «በቃሽ፣ ወደ ነገርሽ ግቢ» ስትዪኝ ይሰማኛል።

እታለም፣ ብትቆጪኝ ይገባሻል። ያዘገየኝ ሥራ ነው። የማስታምማት አሮጊት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከአልጋ አትወርድም። አገላብጣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ በማንኪያ አበላታለሁ። አንዳንዴ ተሳስታ በልጇ ስም ትጠራኛለች። መጀመሪያ አርማት ነበር፤ አሁን «አቤት» እላለሁ። ልጇ የምትኖረው ከዚህ ሁለት ፌርማታ ርቃ ነው።

ቀን ስጪኝ ብለሻል። ታኅሣሥ 20። ከአሠሪዬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሻንጣም ገዝቻለሁ። ለእማዬ ሰማያዊ ሹራብ ገዝቼላታለሁ፤ ቀለሙን ባታየውም ልስላሴውን ታውቀዋለች። ንገሪያት፤ ታኅሣሥ 20 በዪያት።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። የትኬቱ ዋጋ ጨመረና ጎደለኝ። እኔ መላክ ሲገባኝ ከአንቺ ላኪ ብዬ መጠየቄ፣ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ያሰኘኛል። ጎረቤታችን ነጋዴው በወሩ መጨረሻ ወደዚህ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። የቻልሽውን ያህል በእሱ እጅ ላኪልኝ። ስመጣ እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ።

እዚህ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ስለእኔ ምንም አታስቢ።

ሚጡሽ


ኅዳር 28

ለታናሽ እህቴ ለሚጡ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መንገድሽን ያቅናልሽ። የአንቺ ሰላምታ ግማሽ ገጽ ይፈጃል፤ የእኔ እጅ ቶሎ ስለሚዝል በዚሁ ተቀበዪኝ።

ብሩ ነጋዴው እጅ ነው። «ከየት አመጣሽው?» ብትዪም ባትዪም እነግርሻለሁ። የስፌት መኪናዬን ሸጥኳት።

የገዛኝ ገና ሱቅ የከፈተ ወጣት ልብስ ሰፊ ነው። ብጣሽ ጨርቅ ይዞ መጥቶ እዚሁ ፊቴ ሞከራት። «እትዬ፣ ትንሽ ትጮኻለች» አለኝ። «አንተስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብትረገጥ አትጮኽም?» አልኩት። ሳቀና ዋጋ ሊያስቀንስ አስቦ የነበረውን ተወው። ዘይት የምትጠጣበትን ቀዳዳ፣ ክር መበጠስ ስታበዛ የሚጠብቀውን ብሎን አሳየሁት። ከባድ ሸራ ስትሰጣት ቀስ ብለህ ርገጥ፣ ትደነግጣለች አልኩት። እንደ ሰው ስለ እሷ ሳወራ ልጁ ዐይኑን ሰበረ።

ተሸክሟት ሲወጣ እማዬ «ምንድን ነው የሚወጣው?» አለች።

«መኪናዋ ናት፤ ለጥገና ነው።»

«እግሯን ታማ ነው?»

«አዎ።»

«ከቤታችን ያልታመመው የአንቺ እግር ብቻ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ የሚረግጠው አጥቶ ተቀምጬ ሳለሁ በራሱ ይንቀሳቀሳል። የቆመችበት ሲሚንቶ ላይ አራት ነጭ ምልክት ቀርቷል። ጠርጌ ጠርጌ አልለቅ አለኝ። አሁን ቁልፍ በእጄ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ የነተበ ኮሌታ እገለብጣለሁ። ብር የሚያወጣ ሥራ አይደለም። የዚህን ወር ኪራይ ግን ከፍያለሁና አታስቢ።

ደብዳቤሽን ለእማዬ አንብቤላታለሁ። «የማስታምማት» የሚለው ቃል ላይ ሁለቴ ወደቅኩ፤ «ታኅሣሥ 20» ላይ ግን አልወደቅኩም። እንድደግመው አደረገችኝ። ከዚያ በጣቶቿ ቀኑን መቁጠር ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት የምትናገረው የቀረውን ቀን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ስለእኔ ምንም አታስቢ» ከሚለው በላይ አንድ መስመር ጽፈሽ ሰርዘሻል። መስኮቱ ላይ ደግፌ አየሁት። «ፈቃ» የሚል ያየሁ መሰለኝ፤ ሌላው በቀለም ተደፍኗል። ዐይን ለዐይን ስንተያይ የሚነገር ከሆነ እሺ፣ እጠብቃለሁ።

ይህን ደግሞ እማዬ ናት ጻፊ ያለችኝ። እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ «ልጄ፣ ሰው ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል። አንቺ እጅሽን ብቻ ይዘሽ ነዪ። ፊትሽን ማየት ቀርቶብኛል፤ እጅሽን ልዳስስ።»

ታላቅ እህትሽ


ታኅሣሥ 21

ለሚጡ፤

ያለሽበት ሰላም ይሁን። ምናልባት ይህን ስጽፍ መንገድ ላይ ነሽ፤ ምናልባት ይህ ወረቀት ሲሄድ አንቺ ስትመጪ ትተላለፉ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ቅደጂው። ካልሆነ ግን ትናንት በዚህ ቤት የሆነውን ስሚ።

ምንም አልሆነም። እንደዚያ ያለ ጸጥተኛ ቀን በዕድሜዬ አላየሁም።

እማዬ ገና ሳይነጋ ነቃች። ገላዋን አጠብኳት። ፀጉሯን ስጎነጉን «ጠበቅ አድርጊው፤ ስታቅፈኝ እንዳይፈታ» አለች። ያንን ለክፉ ለደግ ብላ ያስቀመጠችውን ቀሚስ አወጣሁላት፤ ሰፍቷታል፤ መኪና ስለሌለኝ ወገቡን በእጄ ጠቀም ጠቀም አድርጌ አጠበብኩት። ከጎኗ ሌላ ወንበር አስቀመጥኩ። ሦስት ብርጭቆ አጥቤ ደፋሁ። የአልጋሽን አንሶላ ከትናንት ወዲያ አጥቤው ስለነበር አንድ ጊዜ ደግሜ ዘረጋሁት፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናዬ ትንጫጫ ነበር። ትናንት የሚሰማው የቧንቧው ጠብታና የእማዬ ትንፋሽ ነው። ሰው በመንገዱ ባለፈ ቁጥር አንገቷን ታቀናለች። «ይሄ ወንድ ነው» ትላለች። «ይቺ ከባድ ናት፤ ሚጡ ቀላል ናት።» «ይቺ ጫማዋ ሰፍቷታል።» ስድስት ሰዓት ሲሆን ሾርባ አቀረብኩላት። «ከእሷ ጋር እበላለሁ» አለች። አሞቅኩት። ቀዘቀዘ። ደግሜ አሞቅኩት። እኔም አልበላሁም፤ ርቦኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም በሩ ተንኳኳ።

ተነስቼ ከፈትኩ። ብርሃኑ ገባ። እማዬ፣ ሦስት ወር ያለ እኔ ክንድ ያልተነሳችው እማዬ፣ ብድግ አለች። እጇን ዘርግታ ሄደችና የገባውን ሰው እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነበር። መዝገቡን በብብቱ ይዞ ደርቆ ቀረ።

«ሚጡዬ» አለችው። መዳፉን ዳሰሰች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። «ምነው እንዲህ ሻከርሽ? ምን ቢያሠሩሽ ነው? የወንድ እጅ አስመሰሉብሽ እኮ።»

ልጁ አየኝ። ምስጋና ይግባውና እጁን አልነጠቃትም። ዝቅ ባለ ድምፅ «እማማ፣ እኔ ከውሃ ነኝ» አላት።

«ከውሃ?»

«አዎ እማማ። ቆጣሪ ላነብ ነው።»

ወዲያው አልለቀቀችውም። «እናት አለችህ?» አለችው።

«አሉ።»

«እንግዲያው ከሥራህ ስትወጣ ሄደህ እጅህን አስነካት።»

ቆጣሪውን አነበበ፤ ቢሉን እጄ ላይ አኖረ፤ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘግቶ ወጣ። ያን በር ያለ ጩኸት የዘጋ ሰው ከእሱ በፊት አላውቅም።

እማዬ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወንበሯን ከበሩ አዞረችው። ፊቷን ለግድግዳው ሰጠች።

ሚጡ፣ ያንን አልቻልኩም። ሌላውን ሁሉ ችዬ ነበር። ቢሉን አንኮሻኮሽኩና «እማዬ፣ ልጁ ለካ ደብዳቤም አምጥቷል፤ ከሚጡ ነው» አልኩ። አነበብኩላትም። በረራው ተሰርዞ ነው አልኩ። «እማዬ፣ እግሬ ቀረ እንጂ ልቤ ከመጣ ቆይቷል። ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ የምትሸፍኚው ናፍቆኛል። ጀርባሽን ሳሽልሽ ‹ወደ ላይ፣ ወደ ላይ› የምትዪው ናፍቆኛል» አልኩ። ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ እንደተጠቀምን በተጻፈበት ወረቀት ላይ ይህን ሁሉ አነበብኩ።

አሁን የቀረውንም ልንገርሽ። ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዝም ባልሽባቸው ወራት በአንቺ ስም አምስት ደብዳቤ አንብቤያለሁ፤ ከልብስ መቁረጫ ወረቀት ላይ፣ ከዳቦ መጠቅለያ ላይ፣ አንዴም ከፋርማሲው ማስታወቂያ ላይ። በእኔ ደብዳቤዎች አንቺ ደግ ልጅ ነሽ። ከእውነተኛዋ በብዙ ትሻያለሽ። በዚህም ሳይቀር እንዳስቀናሽኝ እወቂው፤ ደግ ቃሉ ከእኔ አፍ ይወጣል፣ ምርቃቱ ወደ አንቺ ይሄዳል።

እማዬ ሰምታ ስትጨርስ ወረቀቱን ጠየቀችኝና ትራሷ ስር አስገባችው። ዛሬ ሂሳቡን የምከፍልበት ቢል የለኝም። ልሰርቀው ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጇ ላዩ ላይ ነበር። ውሃው ከተቆረጠ እሱም ባንቺ ይጻፍ።

ስለ ብሩ አይደለም የምጠይቅሽ። የት ነሽ?


የካቲት 3

ለእታለም፤

እንደ ልማዴ ግማሽ ገጽ ሰላምታ ጽፌ ቀደድኩት። ጤናችሁን ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ ለመመረቅ አፍ የለኝም።

የሰረዝኩት መስመር «የመኖሪያ ፈቃዴ አልቋል» ይላል። ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያለ ፈቃድ የቆየሁበት ቅጣት ከትኬቱ ይበልጣል፤ ካልተከፈለ መውጣት አይቻልም፤ ከፍዬ ብወጣም መመለስ አይቻልም። ካልተመለስኩ ደግሞ ኪራያችሁን ማን ይከፍላል ብዬ ነው ሳልወጣ የቆየሁት። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «በሁለት ሳምንት ፈቃዱን አወጣልሻለሁ፣ ሄደሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። ያስቀመጥኩትን ብር ሰጠሁት። «ትንሽ ይቀራል» አለ። የጎደለኝ የትኬት አልነበረም፣ እታለም። የመኪናሽን ብር ለእሱ ሰጠሁት። የመኪናሽ መሆኑን ያወቅኩት ነጋዴው ብሩንና ደብዳቤሽን አብሮ ሲሰጠኝ ነው። ብሩን መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም።

ታኅሣሥ 20 ሻንጣዬን ይዤ ፈቃዴን ልቀበል ቢሮው ሄድኩ። ተዘግቷል። በሩ ላይ «ለኪራይ» የሚል ተለጥፏል። እስከ አመሻሹ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አንቺ በር ስትከፍቺ እኔ የተዘጋ በር ፊት ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ልጽፍልሽ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ እንቢ አለኝ።

ያን የውሃ ቤቱን ልጅ እጅ አስባለሁ። ሌሊት አይደለም፤ ቀን፣ አሮጊቷን ሳጥብ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ማንበብሽን አታቋርጪ። በእኔ ስም ያነበብሽውን ሁሉ ፈርሜበታለሁ። እኔን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂበታለሽ።

ቢሆንም ለእማዬ አንድ ገጽ ለብቻው አድርጌያለሁ። አልዋሸሁበትም። ብታነቢላት፣ ብትቀድጂውም እንዳሻሽ። ሹራቡንም በነጋዴው እጅ ልኬዋለሁ።

ሚጡ


መጋቢት 14

ለታናሽ እህቴ ለሚጡ፤

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አጠገብሽ ሰው ካለ እጁን ያዢ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ግን እዚያ ድረስ ልልክብሽ የምችለው ሰው የለኝም። ጉልበቱን ይስጥሽ። እማዬ መጋቢት 4 ቀን ጠዋት አርፋለች።

አሁን አልቅሺና ስትጨርሺ ወደዚህ ተመለሺ።

ነጋዴው ሹራቡንና ደብዳቤውን ያመጣልን የካቲት 30 ነው። ያኔ ከአልጋ መውረድ ትታ ነበር። ሹራቡን አለበስኳት። ጉንጯ ላይ አሸችው። ለእሷ የጻፍሽውን ገጽ ልቅደደው ላንብበው ብዬ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ ገባሁና አነበብኩላት። ጣቴን እየጎተትኩ። «የመኖሪያ ፈቃድ» ላይ ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። «አታለለኝ» ላይ ወደቅኩ። «እማዬ፣ እጄን ይዤ መምጣት አቃተኝ» የሚለው ላይ ቃሉ ከብዶኝ አልነበረም፤ ግን እዚያም ወደቅኩ።

ስጨርስ ፈገግ ብላለች። «ይሄ የራሷ ነው» አለች።

«ሁሉም የራሷ ነው» አልኩ።

«ተዪኝ እስቲ። አንቺ ስታነቢ እኮ ትደናቀፊያለሽ። ስትዋሺልኝ ግን እንደ ውሃ ነው የምትፈሺው። አንድ ቀን እንኳ ሳትደናቀፊ ያነበብሽው እውነት የለም።»

ወለሉን አየሁ።

«ታኅሣሥ ትመጣለች ያልሽኝን ለምን ያመንኩ ይመስልሻል?» አለች። «ስትደናቀፊ ሰምቼ ነው።»

ሚጡ፣ ያንን ስትል ውስጤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። የአንቺን እውነት አንድ ጊዜ አምና ተነስታ ለበሰች፤ ያ አንዱ እውነት ውሸት ሆነ።

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ጥሩ ነበሩዋ!» አለች። ሳቀች፤ እጇ ስላቃታት አፏን አልሸፈነችም። «ከእሷ ይልቅ የአንቺዎቹ ይጥሙ ነበር። ናፍቀሽኛል ትዪኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ ሎሚ እንዳስገመጡት ሰው ፊትሽን ቋጥረሽ፣ በሰው ስም ነው እንዴ የምትወጂኝ?»

ከዚያ «የራስሽን አንብቢልኝ» አለች።

«የእኔ ደብዳቤ የለም።»

«ጻፊያ! ለማን ብለሽ ነው የተማርሽው?»

«ነገ» አልኳት።

ነገ አልሆነልኝም። በአንቺ ስም በአንድ እስትንፋስ የምለውን በራሴ ስም ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለ። አንዱን ቀን በባዶ ወረቀት ዋልኩ። በሁለተኛው «እማዬ» ብዬ ጽፌ ቆምኩ። እሷ በየሰዓቱ «ደረሰ?» ትላለች፤ ልብስ እንዳሰፋ ደንበኛ። «ቁልፍ ይቀረዋል» እላታለሁ። ትስቃለች። እንደዚያ ተሳስቀን አናውቅም ነበር፤ አራት ቀን ነው የሆነው፣ ግን ነበር።

መጋቢት 4 ጠዋት፣ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ላይ በርጩማ አስቀምጬ ጨረስኩት። አራት መስመር ነው። ይዤው ገባሁና «እማዬ፣ ደብዳቤ አለሽ» አልኩ። መልስ አልሰጠችኝም። እንደ ልማዷ ጆሮዋን አዘጋጅታ ዐይኗን የጨፈነች መሰለኝ። ተቀመጥኩና አነበብኩላት። ጣቴን ከፊደሉ ስር እየጎተትኩ፣ በየቃሉ እየተደናቀፍኩ፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እየመለስኩ፤ እውነት መሆኑን እንድታውቅ ደስ እያለኝ። ጨርሼ ቀና አልኩ። እጇ ትራሱ ስር ነበር። ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

የሰማችው ይኑር አይኑር አላውቅም። መቼም አላውቅም።

በሹራብሽ ቀበርናት። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ልጅ ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ ከቀባሪዎቹ ኋላ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ትራሷን ሳነሳ ወረቀቶቹን አገኘሁ። በሁለት ከፍላቸዋለች። የአንቺዎቹ በአንድ ወገን፤ የዳቦ መጠቅለያው፣ የልብስ መቁረጫው፣ የፋርማሲው ማስታወቂያና የውሃው ቢል በሌላ ወገን። አንድም አልተሳሳተችም። ቢሉን ወስጄ ከነመቀጫው ከፈልኩት። ደረሰኙን እዚያው ትራሷ ስር አስገባሁት።

መጀመሪያ ስጽፍልሽ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ብዬ ጀምሬ ነበር። አላነሳውም። በሩ ፊት ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ። ግን ከአንቺ ስም ቀጥሎ የእኔም ይጻፍ፤ አንቺ ከሩቅ ነው ያልደረስሽላት፣ እኔ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ። ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ ግን እየተደናቀፍኩ ነው የጻፍኩትና ውሸት አይገባበትም። ገና ነኝ።

ብር አትላኪ። ያለሽን አጠራቅመሽ ቅጣትሽን ክፈዪና ውጪ። ቤቱን አልለቅም፤ ልብስ ሰፊው ልጅ ቀን ቀን ሱቁ እየሄድኩ በዚያችው መኪና እንድሰፋ ፈቅዶልኛል፤ ኪራዩን እወጣዋለሁ። ብትመጪ ሳታንኳኪ ግቢ። «ማነው?» የሚልሽ የለም።

ደብዳቤ ብትጽፊም ይደርሰኛል፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ በዐይኔ አነበዋለሁ። የፋርማሲስቱ ሚስት ትናንት ከልጇ የመጣላትን ይዛ «አንብቢልኝ፣ ባሌ ሲያነበው ሰፈሩ ይሰማል» ብላኝ ነበር። መለስኳት። በአንቺ ስም፣ በማንም ስም፣ በራሴም ስም ቢሆን፣ ከእንግዲህ ድምፄን አውጥቼ ለማንም አላነብም።